የማያልቀው ዘንግ

መዝገብ ላይ ያለ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና እህቱ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ሰፈሩ የሚያውቀው አይመለሴ በሚለው ነው። ስሙን ያወጣለት ከሱቁ ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ ሲሆን ምክንያቱም ቀላል ነው። የፀጉር ቤቱ ትንሽ ቦይለር በየወሩ እየተበላሸ ስንቱ ጠጋኝ እየመጣ ሲሄድ ከቆየ በኋላ እሱ ተጠራ፤ ግማሽ ቀን ሠርቶ ሄደ፤ ቦይለሩም ዝም አለ። ፀጉር አስተካካዩ የደንበኛውን ጭንቅላት በአረፋ ሸፍኖ፣ መሸሽ እንዳይችል አድርጎ ይዞ፣ ነገሩን ለሁሉም ይተርካል።

“አንዴ ከሠራው አይመለስም። ብትናፍቀው እንኳ አይመጣም!”

አይመለሴ ይህን ሲሰማ አንገቱን ይደፋል እንጂ አይከለክልም። ስሙን ወዶታል። ቦይለር መጠገን ሰው የሚያመሰግንበት ሥራ አይደለም፤ ውሃው ሲሞቅ ማንም ጠጋኙን አያስታውስም፤ ሲቀዘቅዝ ግን ስሙ በሳሙና በተሞላ አፍ ሳይቀር ይጠራል። ስለዚህ የእሱ ኩራት አለመጠራት ነበር። ብሎን ሲያጠብቅ ሌላው ሰው ከሚያቆምበት ትንሽ አልፎ ያጠብቃል። የቧንቧ ጥርስ ላይ ቃጫ ሲጠመጥም እንደ ቁስል ማሰሪያ ተጠንቅቆ ነው። የማይቆይ ዕቃ ካየ ፊቱ ይጠቁራል።

ሱቁ ጠባብ ናት። በአንድ በኩል ሆዳቸው የተከፈተ አሮጌ ቦይለሮች ተደራርበዋል፤ በሌላው በኩል ከውስጣቸው ተፍቆ የወጣ ነጭ የውሃ ድንጋይ በጆንያ ተሞልቷል። መሀል ላይ የሚሠራበት ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ መፍቻዎቹ ከትልቅ ወደ ትንሽ ተሰልፈው ይተኛሉ። ሚስቱ አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱን አንስታ ጥፍሯን ስትሞርድበት አግኝቷት ሁለት ቀን አኩርፏል ይባላል። እሷ ግን “ግማሽ ቀን ነው” ትላለች።

ቦይለር የወደደው በልጅነቱ ነው። እናታቸው የሞተችው እሱ ገና ጥርሱን እየቀየረ ሳለ ነበር፤ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት፤ እታለም ይላታል። እታለም ያኔ በአንድ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ወለል ትጠርግ ነበር። የሚጠብቀው ሰው ስላልነበረ ይዛው ትሄድና ከኋላ ያለው የቦይለር ክፍል ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ ሞቃት ነው፣ ደረቅ ነው፣ ማንም አይገባበትም። ውሃው የሚሞቅበት ትልቁ የብረት ጋን በእግሮቹ ላይ ቆሞ ውስጥ ለውስጥ ያጉረመርማል። ልጁ ጀርባውን አስደግፎት ይተኛል። እህቱ እየቆጠበችም እየለመነችም የቆየች ሴት ናት፤ የመታጠቢያ ቤቱ ባለቤት ሲያረጅ ቤቱን ለእሷ ተወላት። ዛሬ በመግቢያው መስኮት ላይ ተቀምጣ ሳሙናና ፎጣ የምትሰጠው እሷ ናት። ስድስት በሮች፣ እርጥብ የሲሚንቶ መተላለፊያ፣ ከኋላ ደግሞ አንድ ጋን። ጋኑ ያኔ የነበረው አይደለም፣ ሌላ ነው፤ ነገር ግን ቤቱ ሁሉ የሚያድረው በእሱ ላይ ነው። እሱ ቆመ ማለት እህቱ ቆመች ማለት ነው።

ሁለት ክረምት ቀደም ብሎ፣ አይመለሴ ይህን ጋን ሊያጸዳ ሄዶ ከአናቱ ያለውን ትልቅ ብሎን ፈታ። በብሎኑ ላይ ወደ ውስጥ የሚንጠለጠል ዘንግ አለ፤ ጋኖቹ ከፋብሪካ ሲመጡ ጀምሮ ይዘውት ይመጣሉ። አውራ ጣት የሚያህል የነበረው ዘንግ ሲወጣ የአይጥ ጭራ መስሎ ነበር። በመሀሉ ያለው ቀጭን ሽቦ ብቻ ቀርቷል፤ እዚህም እዚያም እንደ ቆሎ የተጠረጠሩ ግራጫ ቁርጥራጮች ተጣብቀውበታል።

“ይሄንን ነው አዲስ ነው ብለው የሸጡልኝ?” አለች እታለም።

“ሁሉም እንዲህ ነው የሚሆኑት። እኔ በየቤቱ ስቀይር ነው የምውለው።”

“እና ዝም ትላለህ? ሌባ ሁሉ!”

እሱም ያፈረው በራሱ ሥራ ባይሆንም በሙያው ነበር። ያለቀ ነገር ባየ ቁጥር የተበላሸ ነገር ያየ ይመስለዋል። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ብረት ወደሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ሄደ። የቶርኖው ባለቤት ወዳጁ ነው፤ ጆሮው በማሽን ጩኸት የደከመ፣ ስለዚህ ምስጢርም ቢሆን የሚጮህ ሰው።

“የማያልቅ ዘንግ ፈልጌ ነበር” አለው።

“ምን?”

“የማያልቅ!”

“የማያልቅ የኔ ሚስት ንግግር ነው! ሌላውን እኔ እሠራልሃለሁ!”

ከነሐስ ሠራለት። ልሙጥ፣ ወፍራም፣ ጥርሱ በትክክል የወጣለት፣ በእጅ ሲይዙት ክብደቱ ደስ የሚል። ብዙ የውሃ መዝጊያ ከነሐስ እንደሚሠራና ስንት ዓመት እንደሚቆይ አይመለሴ ያውቃል፤ ስለዚህ ማንንም አልጠየቀም። የእህቱ ጋን ውስጥ አስገብቶ አጠበቀው። ከዘንጉ ተቆርጦ የተረፈውን ቁራጭ እታለም ወሰደችውና በመስኮቷ ላይ አስቀመጠችው። በሎሚ ትወለውለዋለች። ለሚታጠበው ሁሉ ታሳያለች።

“ይሄ ነው ውስጥ ያለው። ወንድሜ ያስገባው። እኔ ብሞት እሱ አይሞትም።”

አይመለሴም ነገሩን አሳምሬዋለሁ ብሎ አመነ። ለሚወዳቸው ጥቂት ደንበኞች ተመሳሳዩን አደረገ፤ ከእነዚያ አንዱ ፀጉር አስተካካዩ ነው።

ሚስቱ ጎልማሳ ከሆነች በኋላ ነው የማታ ትምህርት የጀመረችው። በልጅነቷ ያቋረጠችውን ልትጨርስ ነው። በሌላው ሁሉ ደህና ናት፤ ኬሚስትሪው ግን አላስተኛትም። አንድ እሑድ ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በጣቷ ጠረጴዛውን እየነካካች ታነበንባለች።

“ፖታሲየም፣ ሶዲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየም…”

“እነማን ናቸው? የአክስቶችሽ ልጆች?” አለ አይመለሴ ሻዩን እያማሰለ።

“ዝም በል፤ ካቋረጥከኝ ከላይ ነው የምጀምረው።”

“ጀምሪ እንግዲህ፤ እኔም እንድሸመድደው።”

“ፖታሲየም፣ ሶዲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ አሉሚኒየም፣ ዚንክ፣ ብረት… ብረት… ከብረት ቀጥሎ ማን ነበር?”

“ከብረት ቀጥሎ ዝገት ነው። እኔን ጠይቂኝ።”

ሳቀች፤ ዓይኗን ገለጠች። “አሁን ተነሳና ምስማር ስጠኝ። ያልዛገ፣ ንጹሕ።”

“ለምንሽ?”

“አጥቤ ሰማያዊ ውሃ ውስጥ ልጨምረው። የቤት ሥራ ነው።”

“በዚህ ዕድሜሽ ምስማር ታጥቢያለሽ? ለዚህ ነው ማታ ማታ የምትወጪው?”

ምስማሩን ግን ሰጣት፤ እንዲያውም በአሸዋ ወረቀት አብርቶ ሰጣት። እሷ ከትምህርት ቤት በትንሽ ብልቃጥ ያመጣችውን ሰማያዊ ውሃ በብርጭቆ ገለበጠች። በጣም የሚያምር ሰማያዊ ነበር። ምስማሩን በክር አንጠልጥላ ጨመረችው። እሱ ሻዩን ጨርሶ ጫማውን ጠርጎ ሲመለስ ምስማሩ ቀይ ካፖርት ለብሷል።

አይመለሴ አውጥቶ አየው። በአውራ ጣቱ ሲያሸው ቀዩ ነገር በጣቱ ላይ ቀረ። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ ተመለከተው።

“ይሄ መዳብ ነው።”

“ነዋ። ጎበዝ።”

“ከየት መጣ? እኔ የሰጠሁሽ ብረት ነው።”

“ከውሃው። ውሃውን ሰማያዊ ያደረገው የሟሟ መዳብ ነው። ብረቱ ሲገባ መዳቡን ከውሃው አስወጣውና እሱ በቦታው ገባ። መተካካት ነው የሚባለው።”

“ምስማሩ ሟሟ ነው የምትዪኝ?”

“ከላይ ከላዩ። ትተነው ብንውል ሰማያዊው እየነጣ፣ ምስማሩ እየከሳ ይሄዳል።” ደብተሯን ወደ እሱ አዞረችው። “የዚህ ተርታ ነገር እኮ ይሄው ነው። አስተማሪያችን ከላይ ያሉትን ችኩሎች ይላቸዋል፤ ከታች ያሉትን ደግሞ እርጉዎች። ችኩሉ ሁልጊዜ ራሱን ይሰጥና እርጉውን ያስቀምጠዋል። ወርቅ ከሁሉም በታች ነው፤ ማንም አይነካውም። አየህ፣ ስነግርህ ገባኝ።”

እሱ ግን ብርጭቆውን አልለቀቀም። ከዚያ ደብተሩን አየ። በጣቱ ከላይ ጀምሮ ወረደ።

“ማግኒዥየም ያልሽው ይሄ ነው?”

“አዎ።”

ማግኒዥየም የሚለውን ቃል ያውቀዋል። የፋብሪካው ዘንግ በሚመጣበት ካርቶን ላይ ስንት ዓመት ሲያነበው ኖሯል። የፋብሪካው ስም ይመስለው ነበር።

“ነሐስስ የት ነው?”

“ነሐስ እዚህ የለም። እኛ አልተማርነውም።”

“ነሐስ ማለት አብዛኛው መዳብ ነው፤ ዚንክ ገብቶበት ነው እንጂ።” ጣቱ ወረደ። ብረትን አለፈ። መዳብ ላይ ቆመ። “ከብረት በታች።”

“አዎ፣ ምነው?”

አይመለሴ ጣቱን መዳብ ላይ እንዳደረገ ቀረ። በራሱ ውስጥ ያንን የአይጥ ጭራ የመሰለ ዘንግ እያየ ነበር። ሰው ሁሉ ተበላ፣ ተበላሸ የሚለው ዘንግ የተበላው ለማን ኖሯል? ጋኑ ብረት ነው። ዘንጉ ከብረት የቸኮለ ነው። እንግዲያው ዘንጉ ሲበላ ጋኑ እየተረፈ ኖሯል ማለት ነው። እሱ ደግሞ ያንን አውጥቶ የማይበላ አስገባ። የማይበላው ካልተበላ…

“አሁን የሚበላው ማን ነው ታዲያ?” አለ ጮክ ብሎ።

“ምን?” አለች ሚስቱ።

ነገሩን ወዲያው አላመነም። በብርጭቆ ውስጥ የሚሆን ሁሉ በጋን ውስጥ አይሆንም ብሎ ተከራከረ፤ የሚከራከረው ግን ከራሱ ጋር ነበር። በማግስቱ ከሱቁ ሁለት ምስማር፣ የነሐስ ቁራጭ፣ ከአሮጌ የባትሪ ድንጋይ ቅርፊት የተቆረጠ ዚንክ ይዞ መጣ። አንዱን ምስማር ከነሐሱ ጋር፣ ሌላውን ከዚንኩ ጋር ጥብቅ አድርጎ አሰረና ጨው በገባበት ውሃ በሁለት ብርጭቆ መስኮቱ ላይ አቆማቸው።

“ይሄ የማን የቤት ሥራ ነው?” አለች ሚስቱ። “ብርጭቆዬን ሁሉ ጨረስከው እኮ።”

“የኔ ነው።”

“ከተሳካልህ የእኔንም ታርምልኛለህ።”

በሳምንቱ መጨረሻ ከዚንኩ ጋር የታሰረው ምስማር እንደ ገባ ነበር፤ ዚንኩ ነጭ ዱቄት አውጥቶ ተቦርቡሯል። ከነሐሱ ጋር የታሰረው ምስማር ግን ውሃውን ቡናማ አድርጎታል፤ ከብርጭቆው ሥር ዝገት ተቀምጧል። ነሐሱ ምንም አልሆነም። ያበራል።

ሚስቱ ሁለቱን ብርጭቆዎች አየች፤ እሱንም አየች። ነሐሱ የት የት እንዳለ ታውቃለች።

“የእታለም” አለች።

“የእታለም።”

“ሂድና ንገራታ።”

“ምን ብዬ?”

ይህን “ምን ብዬ” ይዞ ሁለት ቀን ሱቁ ውስጥ ተቀመጠ። ዝም ቢል ማንም አያውቅም ነበር። ጋን በብዙ ምክንያት ይበሳል፤ ያረጃል፣ ውሃው ጨዋማ ይሆናል፤ ማንም አይመለሴን አይጠረጥርም። እህቱማ ከሁሉ በኋላ ነው የምትጠረጥረው። ከቆየ ግን አንድ ጠዋት ጋኑ ይፈርሳል፤ ስድስቱ በሮች ይዘጋሉ፤ እሷ በዚያ ዕድሜዋ ወለል ልትጠርግ ትመለሳለች። በሦስተኛው ቀን የመፍቻ ሳጥኑን አንስቶ ወጣ። ፀጉር አስተካካዩ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ “ወዴት ነው? ማን ጠራህ?” አለው። “ማንም” ብሎት አለፈ።

ሰኞ ስለነበር መታጠቢያ ቤቱ ጭር ብሏል። እታለም በመስኮቷ ላይ ፎጣ ታጥፋለች። ከነሳጥኑ ስታየው እጇ ቆመ።

“ምነው? ሰው ሞተ?”

“ኧረ ማንም አልሞተም።”

“ታዲያ ምን ይዞህ መጣ? አንተ እኮ በአዲስ ዓመት እንኳ በግድ ነው።”

“ጋኑን ልየው ብዬ ነው።”

“ምን ሊኖረው? አንተ አይደለህ የሠራኸው?” ከመቀመጫዋ ተነሳች። ወፍራም ሴት ናት፤ መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ መሀሉ ላይ ስትቆም መንገዱ አለቀ። “ይልቅ ተቀመጥ። ሻይ ላስመጣልህ። ከሳህ ደግሞ። ያቺ ተማሪ አታበላህም?”

“እታለም፣ አሳልፊኝ።”

“ሰው እየታጠበ ነው እኮ!”

“ጋኑ ጋር ማን ይታጠባል?”

እታለም ጎኗን አዞረችና አሳለፈችው፤ ፊቷን ግን ወደ ግድግዳው አደረገች።

የቦይለር ክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየው ጋኑን ሳይሆን ሳፋውን ነው። ከጋኑ ሥር ሰማያዊ ሳፋ ተቀምጧል፤ እስከ ግማሹ ድረስ ቀላ ያለ ውሃ አለበት። ከጋኑ ታች ባለው የብየዳ ስፌት ላይ ጨርቅ ታስሯል፤ ጨርቁ ጫፉ ላይ ቀስ እያለ ያንጠባጥባል።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ያልበዋል” አለች ከኋላው።

“ጋን በዚህ በኩል አያልበውም።”

“እንግዲህ የኔ ያልበዋል።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከብርዱ ጊዜ ጀምሮ መሰለኝ።”

“ለምን አልጠራሽኝም?”

“ምን ብዬ?” ድምፅዋ ወጣ። “ለሚገባው ለሚወጣው ሁሉ ወንድሜ የሠራው ነው፣ ወንድሜ ከሠራው አይመለስም እያልኩ ስምልና ስገዘት ኖሬ፣ አሁን ና ተመለስ ልበልህ? ሰዉ ምን ይላል? አንተስ ምን ይሰማሃል? ጨርቅ አሰርኩለት። ሳፋውንም ጠዋት ማታ እደፋለሁ። ምን ቸገረህ?”

አይመለሴ ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠና ተቀመጠበት። ልጅ ሆኖ ጀርባውን የሚያስደግፍበት ቦታ ነበር።

“ያበላሸሁት እኔ ነኝ” አለ።

“ምኑን?”

“ዘንጉን። ነሐሱን። እሱን ባላስገባ ኖሮ ጋኑ ደህና ነበር።”

“ውሸት!”

ሊያስረዳት ሞከረ፤ ችኩሎችና እርጉዎች አለ፤ ሰማያዊ ውሃ አለ፤ እሷ ግን ጭራሽ አኮረፈች። ሰው በወንድሟ ላይ ክፉ ሲናገር የምትቆጣውን ያህል ተቆጣች፤ ተናጋሪው ራሱ መሆኑ አላበረዳትም። በመጨረሻ መፍቻውን አንስቶ የጋኑን ኤሌክትሪክ አጠፋ፣ ውሃውን ዘጋ፣ ላዩን አስተነፈሰና ትልቁን ብሎን ፈታ። ዘንጉ ወጣ። እንደ ገባ ነው፤ እሷ በጨርቅ ስታብሰው ደግሞ አበራ።

“ይኸው!” አለች። “ምን ሆነ? አዲስ አይደለም?”

“አዲስ ነው። እሱ ነው ጥፋቱ።”

በጋኑ ውስጥ ያለውን ውሃ አፍስሶ ካበቃ በኋላ ከታች ያለውን ክብ ክዳን ፈትቶ እጁን እስከ ክርኑ ወደ ጋኑ ውስጥ አስገባ። ውስጡን በጥፍሩ ሲነካው እንደ ደረቅ ቅርፊት ተላጠ። አንድ እፍኝ አወጣና በእህቱ መዳፍ ላይ አስቀመጠላት። ጥቁር ቀይ፣ ስስ፣ በጣት መሀል የሚፈርስ ነገር ነበር።

“ምንድን ነው ይሄ?”

“ጋንሽ ነው።”

እታለም በአንድ እጇ የሚያበራውን ዘንግ፣ በሌላው ዝገቱን ይዛ ቆመች። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። ኬሚስትሪ አልተማረችም፤ ቢሆንም ሁለቱንም እጅዋ ላይ ይዛቸዋለች።

“እና እሱ ዝንጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ይሄኛው ለእሱ ሲል አለቀ?”

“እንደዚያ በይው።”

“ይሄን ያስገባኸው አንተ ነህ።”

“እኔ ነኝ።”

በዚህ መሀል ከሦስተኛው በር አንድ ወንድ ጮኸ። “እንዴ! ውሃው ቀዘቀዘ እኮ! ሳሙና ላይ ነኝ!”

“ጠብቅ!” አለች እታለም ከልማድ። “ወንድሜ እየሠራው…” ቃሉን ሳትጨርስ አቆመች። ዝገቱን ሳፋው ውስጥ ጣለችውና አንድ ባልዲ ሙቅ ውሃ ከምድጃ ልታመጣ ወጣች።

መታጠቢያ ቤቱ ተዘጋ። አንድ በያጅ መጥቶ የጋኑን ታች ቆርጦ ጣለና አዲስ ላሜራ በየደበት፤ ሁለት ቦታ ደግሞ ጎኑ ላይ ለጠፈ። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ መለጠፊያ የሚሆን ደህና ብረት አይገኝለትም ነበር አለ። አይመለሴ ጠዋት እየመጣ ማታ ይሄዳል፤ ውስጡን ይፍቃል፣ ያጥባል፣ ቧንቧውን ይቀያይራል። እህቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አላናገረችውም። ሻዩን በሩ ሥር አስቀምጣ ትመለሳለች። አንድ ቀን ሻዩ ሁለት ብርጭቆ ሆኖ መጣ፤ እሷም ተቀመጠች።

“እኔን የሚያናድደኝ” አለች፣ “ጋኑ አይደለም። ሰውን ሁሉ አስቁሜ ያንን ቁራጭ ሳሳይ መክረሜ ነው።”

“እኔም ስምሽን አጥፍቼ…”

“ስሜን ተወው። ቀዳዳው ይዘጋል አይዘጋም? እሱን ንገረኝ።”

“ሞልተን እናያለን።”

ሞሉት። ሁለቱም ባትሪ ይዘው ከሥሩ ተንበረከኩ። እሷ ጉልበቷን እያማረረች፣ እሱ ትንፋሹን ይዞ። ውሃው እስከ አናቱ ደረሰ፤ ጋኑ ትንሽ ጠረቅ ጠረቅ አለ። እታለም በመዳፏ አዲሱን ስፌት ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰችው። መዳፏን ወደ መብራቱ አቀረበች። ደረቅ ነበር።

“አሁን ደግሞ ምን አስገባህበት?”

“የፋብሪካውን። ማግኒዥየም። ያኛውን የአይጥ ጭራ የሆነውን ዓይነት።”

“እሱ ደግሞ ያልቃል!”

“ያልቃል። ካላለቀ ነው የሚያስፈራው። በየዓመቱ መጥቼ አየዋለሁ፤ ሲያልቅ እቀይረዋለሁ።”

“በየዓመቱ?” አሰበችበት። “ሚስትህንም ይዘህ?”

“ይዤ።”

“እንግዲህ ይለቅ።”

ነሐስ ያስገባላቸው ሌሎቹ ደንበኞች ቀሩ። አይመለሴ በየቤቱ ሄዶ ያልጠራው ሰው በር ማንኳኳት እንዴት እንደሚከብድ ያወቀው ያን ጊዜ ነው። አንዳንዱ ጥሩ ሰው ነው ብሎ አመሰገነው፤ አንዷ ሴትዮ ግን ነሐሱን ሲያወጣ ዝም ብላ አይታ፣ ማግኒዥየሙን እንዲያስገባ ሳትፈቅድለት ሌላ ጠጋኝ ጠራች። ከዚያ በኋላም አልጠራችውም። የቶርኖው ባለቤት ደግሞ ዘንጎቹ ተመልሰው ሲመጡለት አኩርፎ፣ “ሥራዬ ምን ጎደለው?” ብሎ በመንገዱ ሁሉ እስኪሰማ ጮኸ። ምንም እንዳልጎደለው፣ ጥፋቱ የሥራው ሳይሆን የቦታው እንደሆነ ሊያስረዳው ብዙ ደከመ። በመጨረሻ ሰውዬው የበር መቀርቀሪያ አደረጋቸው፤ ጥሩ መቀርቀሪያ ወጣቸው።

ፀጉር አስተካካዩን ለመጨረሻ አቆየው። ሲገባ ሁለት ሰው ወንበር ላይ፣ ሦስት ሰው ተራ ጥበቃ ላይ ነበር።

“አይመለሴ! አንተ ነህ? እዚህ ምን ትሠራለህ? አልተበላሸም እኮ!”

“ያስገባሁልህን ላወጣ ነው። ተሳስቼ ነበር።”

መቀሱ ቆመ። ወንበር ላይ ያለው ሰው በመስተዋቱ ውስጥ አየው።

“ተሳስቼ?” አለ ፀጉር አስተካካዩ። “ይሄን ሁሉ ዓመት ስም ሳወጣልህ፣ ስም ሳስተዋውቅልህ፣ ሰው ፊት ታዋርደኛለህ? እኔ አሁን ለዚህ ለሰውዬው ምን ልበለው? ግማሽ ላይ ነበርኩ እኮ!”

“ሌላውን ግማሽ ስትነግረው ይሄንን ጨምርበት።”

ሰዎቹ ሳቁ። ዘንጉ ሲወጣ ትንሿ ጋን ደህና ሆና ተገኘች፤ ውስጧ የተለበጠው ነጭ ልባስ አትርፏታል፤ አንድ ቦታ ብቻ ትንሽ ዝገት ጀምሯታል። አይመለሴ ሲጨርስ ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ፀጉሩን ከረከመለት፤ እየከረከመም አዲስ ስም ሲፈልግለት ቆየ። ያወጣለት ሁሉ አልያዘለትም። ዛሬም አይመለሴ ነው የሚባለው። በየቤቱ በየዓመቱ ይሄዳል፤ ስሙን ግን ማንም አላስተካከለውም።

ሚስቱ የኬሚስትሪውን ፈተና አለፈች። ከብረት ቀጥሎ ያለውን ግን አሁንም ትረሳዋለች ይላል እሱ። እርሳስ ነው።

በዓመቱ ባልና ሚስቱ መታጠቢያ ቤቱ ሄዱ። አይመለሴ ብሎኑን ፈትቶ ዘንጉን ሲያወጣ እታለም ከአጠገቡ ቆማ ነበር። ዘንጉ ከመሀሉ ተጎድጉዷል፣ ጫፉ ቀጥኗል፣ ላዩ እንደ ታኘከ እንጨት ሆኗል። ከልማዷ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ዘጋችው። ወደ ጋኑ ሥር ጎንበስ ብላ ስፌቱን በመዳፏ ዳሰሰች።

“ደረቅ ነው” አለች።

“ደረቅ ነው።”

አዲሱን ካስገባ በኋላ እታለም አሮጌውን ከሳጥኑ ውስጥ አውጥታ ወሰደችው። በመስኮቷ ላይ ሲያበራ የኖረው የነሐስ ቁራጭ ዛሬ የመጨረሻው በር እንዳይዘጋ መደገፊያ ነው፤ በእሱ ቦታ ያ የተበላ ነገር ተቀምጧል። ቅርጹም መልኩም አያምርም። አንዲት ልጅ ፎጣዋን ስትቀበል በጣቷ ነካችው።

“ይሄ ምንድን ነው? ምን በልቶት ነው?”

“የወንድሜ ሥራ ነው” አለች እታለም። “ሲያልቅ ነው ደህና የሚሆነው። ሦስተኛው በር ግቢ፤ እዚያ ይሞቃል።”